እናት ሳትወልድ ወተት ብትተው ለልጅዋ ይጠቅማልን?

በአገራችን ወተት የበረከት ምልክት ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ከብታችሁ ይርባ፥ ጓዳችሁ ይሙላ ይላል፤ እንግዳ በመጣ ጊዜ ቅቤ የታጣ እንደ ሆነ እመቤቲቱ ታፍራለች፤ ሴት ስትወልድም ገንፎው በቅቤ ካልራሰ አራሲቱ ተበደለች ይባላል። በምንኖርበት በዶዮገና፥ በከምባታም ሁሉ፥ በጎረቤታችን በሐድያም ዘንድ ይህ ልማድ ይልቁን የጸና ነው። እንሰት ከጓሮ፥ ላም ከበረት፥ ቅቤ ከማሰሮ ያልጠፋበት ቤት ሙሉ ቤት ይባላል። እንዲህ ባለ አገር ወተት ልጅን የሚያሳምምበት ቤት ቢገኝ ጎረቤት ለማመን ይቸገራል፥ ባለቤቶቹም ለመናገር ያፍራሉ። ይህ ነገር በእኛ ቤት ሆነ። ከሕመሙም ይልቅ ሕመሙን ፈርተን እኛ የሠራነው ስሕተት ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆናል ብለን ስላሰብን፥ ኀፍረታችንን ወደ ኋላ ትተን ለዚህ ገጽ አንባብያን ልንገልጸው ወደድን።

የመጀመሪያው ልጃችን የተወለደው በ2008 ዓ.ም. ነው። በተወለደ ዕለት፥ እንደ አገሩ ልማድ፥ አያቱ በጣታቸው ጫፍ ጥቂት ለጋ ቅቤ ነክተው አላሱት። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት በእናቱ ጡት ብቻ ደኅና ሆኖ አደገ። ባለቤታችን አስተማሪ ስለ ሆነች የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ ልጁም በአምስተኛው ወሩ የፈላና በውሃ የቀጠነ የላም ወተት ተሰጠው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከንፈሩ አበጠ፥ ገላው ንብ እንደ ነደፈው ሁሉ ተነፋፋ፥ የጠጣውንም አስመለሰው። በማግስቱ ደኅና ሆነ። በሦስተኛው ቀን ደግመን ሰጠነው፤ ዳግመኛም እንዲሁ ሆነ።

ያን ጊዜ ምክር የማይሰጠን ሰው አልነበረም። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለን፤ ሌላው እንጥሉ ወርዷልና በዐዋቂ ይቈረጥ አለ፤ ከአንድ የሕክምና ቤትም የሆድ ትል ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠን። እንጥል ማስቈረጥ ደም የሚያፈስ፥ ቍስሉም የሚመረቅዝ አደገኛ ልማድ መሆኑን ሰምተን ነበርና አልተቀበልነውም፤ በዚህም እስከ ዛሬ ደስ ይለናል። በመጨረሻ ልጁን ይዘን ወደ ሆሳዕና ሄድን። በዚያ ያገኘነው የሕፃናት ሐኪም ልጁን ከመመርመሩ በፊት እኛን መረመረ። ምን ጠጣ? በስንት ሰዓት? ምልክቱ ከስንት ደቂቃ በኋላ ታየ? ስንት ጊዜስ ተደገመ? እያለ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ፥ «ይህ የላም ወተት አለርጂ ነው» አለን።

ይህን ቃል ብዙ ሰው ይናገረዋል፤ ነገር ግን ትርጓሜው ከሌላ ነገር ጋር ስለሚቀላቀል ጥቂት ማብራራት የሚገባ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የተሠራው በሽታ የሚያመጡትን ተሐዋስያን ለመዋጋት ነው። በአንዳንድ ሕፃናት ዘንድ ግን ይህ ኃይል ምግብ የሆነውን የወተት ፕሮቲን እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። አሬራ በእሳት ሲሞቅ አይቡ ለብቻው፥ አጓቱም ለብቻው እንደሚለይ እመቤቶች ሁሉ ያውቃሉ። ሐኪሞች ኬዚን የሚሉት ፕሮቲን ያለው በአይቡ ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ፕሮቲኖች ደግሞ በአጓቱ ውስጥ ናቸው፤ ሕፃኑም በአንዱ ወይም በሁለቱ ይታመማል። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላም ወተት ፕሮቲን ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ብዙውን ጊዜ ምትክ አይሆንም። ቅቤም ቢነጠር ጥቂት ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል።

ይህ ሕመም ትልልቅ ሰዎች ወተት ጠጥተው ሆዳቸው ከሚነፋበት ነገር የተለየ ነው። ያ የወተትን ስኳር መፍጨት አለመቻል ነውና ያስቸግራል እንጂ እንደ አለርጂ ለሕይወት አያሰጋም። የላም ወተት አለርጂ የሚይዛቸው ከ100 ሕፃናት ቢበዛ 3 ያህል ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹን ዕድሜያቸው ለትምህርት እስኪደርስ ድረስ ሕመሙ ይተዋቸዋል።

ሁለተኛዋ ልጃችን በ2011 ዓ.ም. ተወለደች። ከወንድሟ ትምህርት አግኝተን ነበርና ከጡት በቀር ምንም አላቀመስናትም። ሆኖም በሁለተኛው ወሯ በዓይነ ምድሯ ላይ ቀጭን የደም ክር ታየ፤ ጕንጮቿም ቀልተው ያሳክኳት ጀመር። ሐኪሙ እናቲቱ ከምትመገበው ወተት እጅግ ጥቂት ፕሮቲን ወደ ጡቷ ሊያልፍ እንደሚችል ገለጠልን። ስለዚህም ባለቤታችን ለጥቂት ሳምንታት ወተት፥ ቅቤና አይብ እንድትተው፥ ማጥባቷን ግን ፈጽሞ እንዳታቋርጥ አዘዘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ጠፋ። ሐኪሙም ነገሩን ለማረጋገጥ ወተት ደግማ እንድትጠጣ አደረገ፤ በሦስተኛው ቀን ደሙ ተመለሰ። በዚህ ምክንያቱ ስለ ተረጋገጠ ልጅቱ ዓመት እስኪሞላት ድረስ እናቲቱ ከወተት ተከልክላ ቈየች፤ በምትኩ የምትበላው ምግብ በጽሑፍ ተመደበላት፥ የካልሲየም እንክብልም ተጨመረላት። ልጅቱም ደኅና ሆና አደገች።

እንግዲህ ስሕተታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ባለቤታችን ሦስተኛ ልጅ መፀነሷን ነገረችን። ደስ አለን፤ በዚያው ሌሊት ግን እንቅልፍ አጣን። ያበጠው ከንፈርና በጨርቅ ላይ ያየነው ደም በዓይናችን ይመላለስብን ነበር። ሲነጋ እንዲህ ብለን አሰብን፤ እናቲቱ ወተት በተወች ጊዜ ልጅቱ ከተወለደች በኋላ ከዳነች፥ ገና ሳይወለድ ብትተውማ ልጁ ፈጽሞ አይታመም ይሆናል። አሳቡ የተቃና መሰለን። ማንንም አልጠየቅንም። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ መፈረም የለመደ እጅ በቤቱም ትእዛዝ መስጠት አይከብደውምና፥ ከዛሬ ጀምሮ ወተትና ቅቤ፥ አይብና አሬራ ወደዚህ ቤት አይግቡ ብለን ቍርጥ ትእዛዝ ሰጠን። የምትታለበውን ላማችንን ወደ ወንድማችን በረት ሰደድናት። ሕመሙ የተዋቸውና ወተት የለመዱት ሁለቱ ልጆቻችንም ከእናታቸው ጋር አብረው ተከለከሉ።

ባለቤታችን አንዲት ቃል ሳትመልስ እሺ አለች። ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቈጠርነው።

ቈጮ ያለ ቅቤና ያለ አይብ፥ ጎመንም በባዶው ሲቀርብ ምን እንደሚመስል የአገራችን ሰው ያውቀዋል። እንሰት ረኀብን የሚያስታግሥ ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ቈጮ ኃይል ሰጪ እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። የቀድሞ አባቶችና እናቶች ከወተት፥ ከአይብ፥ ከሥጋና ከባቄላ ጋር አዋሕደው የሚበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ግን አንዱን ወገን በትእዛዝ ስንቈርጥ በምን እንተካው ብለን አላሰብንም። በሁለተኛዋ ልጅ ጊዜ ምትኩን የመደበ ሐኪም ነበር፤ አሁን ግን ከልካይ እንጂ መዳቢ አልነበረም።

የመስቀል በዓል ደረሰ። በከምባታና በሐድያ መስቀል የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው፤ ከሩቅ አገር የሚሠራው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፥ ሴቶችም ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ ያወጣሉ። እናታችን የሐድያ ልጅ ናቸውና ሴቶች በየተራ ቅቤ በሚሰባሰቡበት በዊጆ ማኅበር ያገኙትን አንድ ማሰሮ ቅቤ ለዚያች ቀንና ለምራታቸው መውለጃ አስቀምጠው ነበር። ከቡላ፥ ከቅቤና ከወተት የሚሠራውን አተካና በእጃቸው ሠርተው አቀረቡላት። ባለቤታችን ሳሕኑን ተቀብላ አመሰገነችና ሳትቀምሰው ወደ ጎን አኖረችው። ሴቶቹ ምን ነካት ብለው ሲጠይቋት «ጥቂት አሞኝ ነው» አለች። እናታችን ያን ጊዜ ምንም አልተናገሩም።

እንግዳው ሲበተን ግን ወደ ጓዳ ጠሩንና፥ «አንተ ልጅ፥ ይህችን ሴት የምታስጾማት ስለ ማን ኃጢአት ነው?» አሉን።

«እማማ፥ ለልጁ ብለን ነው» አልናቸው።

«ልጁስ የሚበላው ከማን ነው?» አሉን፤ ማሰሮውንም ከድነው ወጡ።

ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻልንም፤ ትእዛዛችንን ግን አልሻርንም። የተማረ ሰው ያልተማረች እናቱ እውነት ስትናገር መስማት ይከብደዋልና እርስዎ የዛሬውን ሕክምና አያውቁም ብለን በልባችን አለፍናቸው። ቢታሰብ ግን እኛም አናውቀውም ነበር።

በኅዳር ወር የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደ ልማዷ ወደ ቤታችን መጣች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ አገልግሎት በየገጠሩ እርጉዞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚጠይቅ መሆኑ የታወቀ ነው። ባለቤታችንን በሚዛን ላይ አቁማ መዝገቧን ተመለከተች፤ ከነሐሴ እስከዚያ ቀን የጨመረችው አንድ ኪሎ ብቻ ነበር። ፊቷን፥ የዓይኗንም ሽፋን ገልጣ አየችና ነገ ሳይሆን ዛሬ ወደ ሐኪም ውሰዷት አለችን።

በሆሳዕና ያንኑ የቀድሞውን ሐኪም አገኘነው። የሆነውን ሁሉ ነገርነው፤ ላሚቱን እንደ ሰደድናት ጭምር ነገርነው። ሐኪሙ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ይህን ያዘዘ ሐኪም ማን ነው?» አለ። እኛ ነን ለማለት አፋችን ተያዘ። ባለቤታችን ግን፥ «ሁለታችን ተስማምተን ነው» ብላ ኀፍረታችንን ሸፈነችልን።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የነገረንንና እኛም ራሳችን ፈልገን ያነበብነውን ባጭሩ እንጻፍ፤ ይህ እኛ የፈራነውን ለሚፈራ ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማልና።

እኛ ያሰብነውን አሳብ ከእኛ በፊት ያሰቡ ሊቃውንት ነበሩ፤ እነርሱ ግን ትእዛዝ ከመስጠታቸው በፊት ፈተኑት። በስዊድን አገር ዘራቸው ለአለርጂ የተጋለጠ 212 እርጉዝ ሴቶች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከ28ኛው ሳምንት እስከ መውለጃ ድረስ የላም ወተትና እንቍላል ፈጽሞ ተወ፤ ሁለተኛው ወገን እንደ ልማዱ ተመገበ። ውጤቱ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሲታተም በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል በአለርጂ ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ልጆቹ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ደግመው ቢመረምሯቸውም የእናቶቹ መከልከል ለልጆቹ ጥቅም እንዳላመጣ ታየ። በ2012 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር፥ ይህን የመሳሰሉ 5 ሙከራዎችና በጠቅላላው 952 ሰዎች በአንድነት ሲመረመሩ ፍርዱ ያው ሆነ። ይልቁንም የተከለከሉት እናቶች በእርግዝናቸው የጨመሩት ክብደት ካልተከለከሉት ያነሰ ነበር። ስለዚህ የአውሮጳ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2020 ዓ.ም. ባደሰው መመሪያ፥ የልጅን የምግብ አለርጂ ለመከላከል ተብሎ እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ከምግብ እንዳትከለከል መክሯል።

ሐኪሞችም ራሳቸው በዚህ ነገር አሳባቸውን የለወጡበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በአውሮጳ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት የላም ወተት እስከ 1 ዓመት፥ እንቍላል እስከ 2 ዓመት፥ ኦቾሎኒና ዓሣ እስከ 3 ዓመት እንዳይቀምሱ ይመክር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን ማስረጃ አልተገኘለትም ብሎ ይህን ምክር ተወው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ከተማ ከ4 እስከ 11 ወር በሆናቸው 640 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ታተመ። ኦቾሎኒን በጊዜው የቀመሱት ልጆች በአምስት ዓመታቸው በኦቾሎኒ አለርጂ የተያዙት ካልቀመሱት ይልቅ እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ። ይህ ስለ ኦቾሎኒ እንጂ ስለ ወተት አይደለም፥ ከተወለዱ በኋላ እንጂ በማሕፀን ሳሉ አይደለም፤ ነገር ግን መራቅ ሁልጊዜ ጥበቃ ነው ብለን የያዝነውን እምነት ያናወጠ ነው።

«ታዲያ በልጅቱ ጊዜ ወተት መተው ለምን ጠቀመ?» ብለን ጠየቅነው። ሐኪሙ እንዲህ አለ፤ «ያን ጊዜ ሕመሙ ነበረ፥ ምልክቱ ታይቷል፥ ምክንያቱም ተፈትኖ ተረጋግጧል። ለአለርጂ የተጋለጠ ባሕርይ በዘር ሊወርድ ይችላል፤ ከእናቲቱ ሳሕን ግን አይመጣም። እሳት የተነሣበትን ቤት ውሃ ማጠጣትና፥ ይነሣ ይሆናል ብሎ ያልተቃጠለውን ቤት ማፍረስ አንድ አይደለም።»

ቤት ማፍረስ ያለው በእርግጥ ማጋነን አልነበረም። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ለእርጉዝ ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 1000 ሚሊግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ የሚገኘው ካልሲየም በሚያንስባቸው አገሮች እርጉዞች በየቀኑ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም እንዲወስዱ የሚመክረው፥ በእርግዝና የሚነሣውንና እናትንም ልጅንም የሚገድለውን የደም ግፊት ለመቀነስ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ራሷ አለርጂ ያለባት፥ ወይም ስለ ጾም ወተት የተወች፥ ወይም ላም የሌላት እንደ ሆነ፥ ጎመን፥ የጤፍ እንጀራ፥ ባቄላና ምስር፥ የሚፈቀድላትም ከሆነ እንቍላልና ዓሣ አብዝታ እንድትመገብ፥ እንክብሉንም ከሐኪም ጠይቃ እንድትወስድ ያስፈልጋል። ወተት መተው የሚቻል ነገር ነው፤ ያለ ምትክና ያለ ምክንያት መተው ግን ጉዳት ነው።

ወደ ዶዮገና ስንመለስ በመንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም። ከቤት ስንደርስ ትእዛዙን መሻራችንን ለባለቤታችን ነገርናት፥ ይቅርታም ጠየቅናት። እርሷም እንዲህ አለችን፤ «ትእዛዝህን ፈርቼ እሺ ያልሁ አይምሰልህ። ሁለቱንም ልጆች ያሳመምኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ስለማምን ነበር። በዚያ በእርግዝናዬ ጊዜ ቅቤ አብዝቼ በላሁ፥ ወተት ጠጣሁ እያልሁ ሰባት ዓመት ራሴን ስወቅስ ኖርሁ። አንተ ወተት ይቅር ባልህ ጊዜ፥ እርሱም እንደ እኔ ያስባል ማለት ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

ይህን ስንሰማ ከሚዛኑ ቍጥር ይልቅ ከበደን። ልጆቻችንን ከሕመም እንጠብቃለን ብለን የሰጠነው ትእዛዝ በእናታቸው ላይ እንደ ፍርድ ሆኖ ነበር። እኛ የምንጠብቀው የራሳችንን ፍርሀት ነበር፤ ዋጋውን ግን የምትከፍለው እርሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጅ ሕመም የተጨነቀ አባት ሁሉ አስቀድሞ ለእናቲቱ ሊነግራት የሚገባው ቃል አንድ ነው ብለን እናምናለን፤ ይኸውም «ይህ በአንቺ ጥፋት የመጣ አይደለም» የሚለው ነው።

ላሚቱ በማግስቱ ተመለሰች። እናታችንም ማሰሯቸውን ከፈቱ፤ አንድ ቀን እንኳ አላልኋችሁምን አላሉንም።

ሦስተኛው ልጃችን በየካቲት ወር መጨረሻ በ2015 ዓ.ም. ተወለደ። ከመወለዱ በፊት ከእናታችን ጋር ልንነጋገርበት የሚገባ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ እርሱም ለሕፃን ቅቤ የማላስ ነገር ነው። ይህ ልማድ በብዙ የአገራችን ክፍል ይገኛል፤ አንጀቱን ያለሰልሳል ተብሎ በፍቅር የሚደረግ ነው። ነገር ግን ሕፃኑን ከእናቱ እንገር ያዘገየዋል፤ ያ ቢጫ የሆነው የመጀመሪያ ወተት ደግሞ ከበሽታ የሚጠብቀው የመጀመሪያ መድኃኒቱ ነው። ሕፃንም እስከ ስድስት ወር ድረስ ከጡት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ወንድምና እኅቱ በወተት በታመሙበት ቤት ደግሞ ጥንቃቄው ይልቁን ይገባል። በዚህ ጊዜ ግን ትእዛዝ አልሰጠንም። እናታችንን ከሐኪሙ ዘንድ ወስደን ከእርሱ አፍ እንዲሰሙ አደረግን፤ የፈለጉትንም ጠየቁት። ሲመለሱ፥ «ቅቤው ለእናቲቱ ነው፥ እናቲቱ ደግሞ ለልጁ ናት» አሉ። እንዳሉትም የቡላውን ገንፎ በቅቤ አርሰው ለምራታቸው አበሏት፥ ራሷንም ቀቧት፤ የሕፃኑን አፍ ግን አልነኩም።

ልጁ ስድስት ወር በጡት ብቻ አደገ። በየቀኑ ጨርቁን እየገለጥን ደም እንፈልግ ነበር፤ አላገኘንም። በሰባተኛው ወር በሐኪሙ ምክር፥ ጧት፥ ጤና ጣቢያው ክፍት በሆነበት ቀን፥ በማንኪያ ጫፍ ጥቂት እርጎ አቀመስነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፊቱ ዓይናችንን ሳንነቅል ተቀመጥን። ሕፃኑ ሳቀና ማንኪያውን ያዘ። ከዚያ ወዲህ እየጨመርንለት ለመደ። የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ ሆኖ የተሰጠው ግን ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

እናታችን ይህን ባዩ ጊዜ፥ «አያችሁ፥ የእኔ ቅቤ አዳነው» አሉ። እኛ ግን አንድ ልጅ ምስክር እንደማይሆን ለአንባብያን በእውነት መናገር ይገባናል። እናቲቱ ቅቤ ስለ በላች ዳነ ብንል ስሕተታችንን በሌላ መልክ መድገማችን ነው። ሊታመምም ይችል ነበር፤ ቢታመም ኖሮ ምልክቱን ዐውቀን ጊዜ ሳናሳልፍ ወደ ሐኪም እንወስደው ነበር፥ የእናቲቱም መከልከል የሚመጣው ያን ጊዜ፥ በልክና በምትክ ይሆን ነበር።

ስለዚህ በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠማቸው ወላጆች ይህን እንዲያስቡ እንለምናለን። እርጉዝ እናት ሐኪም ሳያዛት ከወተትና ከቅቤ አትከልከል። ሕፃን ሲወለድ እንገሩ አይደፋበት፥ ቅቤም አይላስ። በሚያጠቡት ልጅ ዓይነ ምድር ላይ ደም ቢታይ፥ ወይም ልጁ ወተት ቀምሶ ቢያብጥና ቢያስመልስ እንጥል ቈራጭ አይፈለግ፥ ሐኪም ይጠየቅ፤ ትንፋሽ የሚያጥረው እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይባክን። ሐኪሙም መከልከልን ቢያዝ፥ እስከ መቼ? በምትኩስ ምን ትብላ? ብሎ መጠየቅ የአባት ሥራ ነው።

ያቺ ማሰሮ ዛሬም በእናታችን ጓዳ ትገኛለች። ባለፈው መስቀል እንደ ልማዳቸው ከፍተው አተካና ሠሩ። ባለቤታችን ሳሕኗን ተቀብላ በላች፤ ሦስቱም ልጆች ከእርሷ ጋር በሉ። እኛም ያን ዕለት ምንም ትእዛዝ ሳንሰጥ ከጎናቸው ተቀመጥን።